አንድ የማስታወቂያ ምስል ስለ ፊልሙ ምን ያህል ሊነግረን ይችላል?

የአራዳው ተመልካች፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ገና ለእይታ ያልበቃን ፊልም በማስታወቂያ ምስሉ ብቻ መዳኘት ተገቢ ነውን? ተገቢ ከሆነስ እስከ ምን ድረስ ነው? ይህን እንድጠይቅ ያደረገኝ ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ከጥንታዊው የግሪክ ገጣሚ ከሆሜር «ኦዲሲ»፣ ማለትም ጀግናው ኦዲሴየስ ከትሮይ ጦርነት ወደ አገሩ ሲመለስ ከሚተርከው ግጥም ተነሥቶ የሚሠራው ፊልም ነው። ዩኒቨርሳል የተባለው ስቱዲዮ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2025 የመጀመሪያውን ምስል ይፋ ሲያደርግ፣ ማት ዴመን ኦዲሴየስን ሆኖ፣ ጢሙን አሳድጎ፣ ቀይ ጎፈር ያለው የነሐስ ቁር ደፍቶ አየነው። ፊልሙ ወደ ሲኒማ ቤት የሚገባው ደግሞ እ.ኤ.አ. ጁላይ 17 ቀን 2026 ነው። በምስሉና በፊልሙ መካከል የአንድ ዓመት ከአምስት ወር ርቀት አለ ማለት ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት እየተሰበሰብን ፊልም የምናይና በቡና ላይ የምንወያይ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ምስሉ በወጣ ማግስት ከመካከላችን አንዱ፣ የትሮይ ጦርነት በልማድ የሚነገርለት ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት 13ኛው ወይም 12ኛው መቶ ዓመት ሆኖ ሳለ ቁሩ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የመጣ የግሪክ ቁር እንደሚመስል ጽፎ ላከልን። እስከዚህ ድረስ ውይይቱ ትምህርት ሰጪ ነበር። ይሁን እንጂ ወዳጃችን ከዚያ አልፎ «ለቁር ያልተጨነቀ ዳይሬክተር ለታሪኩም አይጨነቅም፤ ይህ ፊልም ከወዲሁ አልቆለታል» ወደሚል ድምዳሜ ደረሰ። ሌሎች ሁለት ጓደኞቻችንም ተከተሉት፤ አሁን ፊልሙ ሲወጣ አብረን እንዳናየው ይከራከራሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ ስለ ምስሉ ምንም ዓይነት ትችት መስማት አይፈልጉም፤ «ዝም ብላችሁ ጠብቁ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የላቸውም።

እኔን ሁለቱም ወገኖች አላሳመኑኝም። ምስሉ ሆነ ተብሎ ለእኛ ዓይን የቀረበ በመሆኑ አይተን ዝም እንድንል መጠየቃችን ትክክል አይመስለኝም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የሚደክሙበትን ሥራ በአንድ ፎቶግራፍ መቅበርም ከባድ በደል ነው። ስለዚህ የፊልም ሥራን ከውስጥ የምታውቁ፣ እንዲህ ያለው ምስል በምን መልኩ እንደሚዘጋጅና ከፊልሙ ጋር ያለው ዝምድና ምን ያህል እንደሆነ፣ የፊልምን ታሪክ የምትከታተሉም ከዚህ በፊት በችኮላ ከተሰጡት ፍርዶች የትኞቹ እንደጸኑና የትኞቹ እንደፈረሱ ብታስረዱን ትልቅ ውለታ ይሆንልኛል።


ባለ ሌንሱ፦

የአራዳው ተመልካች ላነሡት ጥያቄ ከሙያዬ አንጻር የምችለውን ልመልስ። አዲስ አበባ ውስጥ በፊልም ቀረጻ ቦታዎች ፎቶግራፍ አነሣለሁ፤ ለፖስተር የሚሆኑ ምስሎችንም አዘጋጃለሁ። የሆሊውድ ሥራ በገንዘብና በሰው ብዛት ከእኛ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም፣ የምስሉ አሠራር በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው።

ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው፣ የማስታወቂያ ምስል በአብዛኛው ከፊልሙ ተቆርጦ የወጣ አለመሆኑ ነው። በቀረጻ ቦታ ላይ ከፊልም ካሜራው አጠገብ የራሱን ካሜራ የያዘ ፎቶግራፍ አንሺ ይቆማል። የሚቆምበት ቦታ፣ የሚጠቀምበት ሌንስ፣ የሚመርጠው ቅጽበት ሁሉ ከፊልም ቀራጩ የተለየ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዳይሬክተሩ ቀረጻውን ካስቆመ በኋላ ተዋናዩ ባለበት እንዲቆይለትና ያንኑ አኳኋን ለፎቶግራፉ ሲል እንዲደግመው ይለምናል። ከዚህ ሌላ ተዋናዮች ለብሰው ወደ ስቱዲዮ የሚገቡበት፣ ከየትኛውም ትዕይንት ጋር የማይገናኝ ብርሃን የሚበራበት ለብቻው የተመደበ ቀን አለ። ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ልብስና ሜካፕ ሲሞከር የሚነሡም አሉ። የኦዲሴየስ ምስል ይፋ በሆነበት ቀን ዋናው ቀረጻ ገና አልተጀመረም ነበር፤ ቀረጻው ሞሮኮ ውስጥ የተጀመረው ከዚያ በኋላ በዚያው ወር ማለቂያ ላይ ነው። ስለዚህ ጓደኛዎ የፈረዱት ፊልሙን አይተው ሊሆን አይችልም፤ በዚያን ጊዜ የሚታይ ፊልም አልነበረምና።

ቀለሙም እንዲሁ ነው። የአንድ ፊልም ቀለም የሚወሰነው አርትዖቱ ካለቀ በኋላ፣ ባለሙያው ከዳይሬክተሩና ከቀራጩ ጋር ተቀምጦ እያንዳንዱን ትዕይንት ሲያስተካክል ነው፤ የፎቶግራፉን ቀለም ግን የማስታወቂያ ክፍሉ ለራሱ ዓላማ ያስተካክለዋል። በምስሉ ላይ የደበዘዘው በፊልሙ ሊደምቅ፣ የደመቀውም ሊደበዝዝ ይችላል።

ከዚሁ ከኖላን ሥራዎች አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። ሂዝ ሌጀር «ዘ ዳርክ ናይት» በተባለው የባትማን ፊልም ክፉውን ገጸ ባሕርይ ጆከርን እንዲጫወት መመረጡ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሰማ፣ በፍቅር ፊልሞች የሚታወቅ ወጣት ይህን ሚና ሊሸከም አይችልም ተብሎ ብዙ ተጽፎ ነበር። በሜይ 2007 ስቱዲዮው ሰዎች ኢሜይላቸውን ባስገቡ ቁጥር ጥቂት በጥቂት የሚገለጥ ምስል በአንድ ድረ ገጽ ላይ አወጣ፤ በመጨረሻም የተዝረከረከ ነጭ ቀለም፣ የጠቆሩ ዓይኖችና ከከንፈር እስከ ጉንጭ የተሰነጠቀ ጠባሳ ታየ። በሥዕላዊ መጽሔቶቹ የለመዱት ንጹሕ ነጭ ቆዳ ያለው ጆከር ስላልሆነ ቅር የተሰኙ ነበሩ። ያ ፎቶግራፍ ሊያሳይ የማይችለው ግን የሜካፕ ባለሙያው ጆን ካግሊዮኒ የሠራበትን ስልት ነበር፤ ቀለሙን ሲቀባ ሌጀር ግንባሩንና ጉንጩን እንዲያጨማድድ ያደርገዋል፣ ጡንቻው ሲላላም ቀለሙ በሽብሽቡ ላይ ተሰነጣጥቆ ይቀራል፣ ሰውየው ሲናገር ስንጥቁ ይከፈታል፣ ይዘጋል። በዚህ ላይ ድምፁ፣ አረማመዱ፣ በየንግግሩ መካከል ከንፈሩን የሚልስበት ልማድ ተጨምሮ ነው ያ ሰው ሙሉ የሆነው። ሌጀር በጃኑዋሪ 2008 ዐረፈ፤ ፊልሙ በጁላይ ወጣ፤ በ2009 ከሞተ በኋላ የኦስካር ሽልማት ተሰጠው።

በ2011 ኦገስት ደግሞ በቀጣዩ የኖላን የባትማን ፊልም «ሴቷ ድመት» የተባለችውን ገጸ ባሕርይ የምትጫወተው አን ሃታዌይ በሞተር ብስክሌት ላይ ሆና፣ ትልቅ መነጽር አድርጋ የታየችበት ምስል ወጣ። «ሴቷ ድመት ከሆነች ጆሮዋ የት አለ?» ተብሎ ተሣቀ። በዓመቱ ፊልሙ ሲወጣ መነጽሩ ወደ ላይ ሲገፋ አናቷ ላይ የድመት ጆሮ መስሎ ቁጭ ይላል። ጆሮው ከመጀመሪያው በምስሉ ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ታጥፎ።

በእኛ አገር ፖስተር የሚያዘጋጀው ባለሙያ ብዙ ጊዜ ፊልሙን ሳያይ፣ የተዋናዮቹን ፊት ከተለያዩ ፎቶግራፎች ቆርጦ በኮምፒውተር ያገጣጥማል፤ ዝነኛው ተዋናይ በፊልሙ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ ብቅ ቢልም በፖስተሩ ላይ ከሁሉ ገዝፎ ይወጣል። አሠሪው የሚጠይቀኝ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ዓይኑን የሚይዝ ነገር ነው እንጂ የታሪኩን ጭብጥ አይደለም። ይህን የምለው ሙያውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ምስሉ የተሠራበትን ዓላማ ማወቅ ስለሚያስፈልግ ነው።


የታሪክ መምህር፦

የባለ ሌንሱ ማብራሪያ ብዙ አስተምሮኛል። እኔ ስለ ቁሩ ልናገር፤ ምክንያቱም የጓደኛችሁ ትችት በከፊሉ ትክክል ስለሆነና በከፊሉ ደግሞ እርሳቸው ካሰቡት በላይ ጥልቅ ስለሆነ ነው።

ሆሜር ራሱ ለኦዲሴየስ ያለበሰው ቁር በጽሑፍ አለ። የትሮይን ጦርነት በሚተርከው በሌላው ግጥሙ በ«ኢሊያድ» 10ኛ መጽሐፍ ላይ ኦዲሴየስና ዲዮሜዴስ በሌሊት ለስለላ ሲወጡ፣ የጦር ጓዳቸው ሜሪዮኔስ ለኦዲሴየስ ከቆዳ የተሠራ፣ ከውስጡ በጠፍር የተወጠረ፣ ከውጭው ነጫጭ የከርከሮ ክራንቻ ጥቅጥቅ ብሎ የተደረደረበት ቁር ይሰጠዋል። ገጣሚው በዚህ ሳያበቃ የቁሩን የዘር ሐረግ ይቆጥራል፦ በመጀመሪያ አውቶሊኮስ ከአሚንቶር ቤት ሰርቆት እንደነበረ፣ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሜሪዮኔስ ዘንድ እንደደረሰ። አውቶሊኮስ ደግሞ የኦዲሴየስ የእናቱ አባት ነው። አያትየው የሰረቀው ዕቃ ዞሮ ዞሮ የልጅ ልጁ ራስ ላይ ያርፋል፤ የዚያን ሰው ብልጠት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ቁር ያለ አይመስለኝም። ከዚህም በላይ የከርከሮ ክራንቻ ቁር ተረት ብቻ አይደለም። የትሮይ ጦርነት በሚነገርለት በጥንቱ የግሪክ የሚኬኔ ዘመን መቃብሮች ውስጥ በቁፋሮ ተገኝቷል፤ በ1960 ግሪክ ውስጥ በደንድራ ከተገኘው ሙሉ የነሐስ ጥሩር ጋርም አብሮ ወጥቷል። በብዙዎቻችን አእምሮ ያለው ፊትን የሚሸፍን የቆሮንቶስ ቁር በተቃራኒው መታየት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት 700 ዓመት አካባቢ ነው። ስለዚህ «ይህ ቁር የዘመኑ አይደለም» የሚል ሰው ማስረጃ አለው፤ ሊታፈንም አይገባውም። እኔም ያ የክራንቻ ቁር በትልቅ ስክሪን ላይ ቢታይ ደስታዬ ወሰን አይኖረውም ነበር።

ሆኖም ከዚህ «ዳይሬክተሩ ለታሪኩ አይጨነቅም» ወደሚለው መዝለል አይቻልም። ሆሜር የኖረው ጦርነቱ ይነገርለት ከነበረው ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ሲሆን፣ ግጥሙ የሁለቱን ዘመናት ዕቃና ሥርዓት ደባልቆ ይዟል። ግሪኮች ራሳቸው እነዚህን ጀግኖች ሲሥሉ በራሳቸው ዘመን የጦር ልብስ ነበር የሚያለብሷቸው። ኤክሴኪያስ የተባለው ሠዓሊ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው መቶ ዓመት በሠራውና ዛሬ በቫቲካን በሚገኘው ማሰሮ ላይ የትሮይ ጦርነት ጀግኖች አኪሌስና አያክስ ጎንበስ ብለው ገበጣ መሰል ጨዋታ ሲጫወቱ ይታያሉ፤ የአኪሌስ ቁር በሠዓሊው ዘመን የነበረው ዓይነት ነው፣ ጎፈሩም ከፍ ብሎ ይታያል። ያንን ማሰሮ የታሪክ ስሕተት ብሎ የሚጥል ሰው የለም። በእኛም አገር ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሲሣል እርካቡን በባዶ እግሩ አውራ ጣት ይዞ፣ ፈረሱም በኢትዮጵያ መኳንንት ወግ ተሸልሞ ነው። ሠዓሊው ስለ ሮማ ወታደር አለባበስ ደንታ ስላልነበረው ሳይሆን፣ ቅዱሱን ለሚሳለመው ምእመን ለማቅረብ ስለፈለገ ነው። ኖላን የመረጠው ቁር ከእነዚህ ውስጥ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ፣ በሐሳብ የተደረገ ምርጫ ይሁን ወይም ግድየለሽነት፣ ፎቶግራፉ አይነግረንም። የሚነግረን መርከቡ፣ ቤቱ፣ የእንግዳ አቀባበሉ፣ የሌሎቹ ጦረኞች ልብስ ሁሉ አንድ ላይ ሲታይ ነው።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከቁሩ ይልቅ ልንጠብቀው የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። «ኦዲሲ» ሲከፈት የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን ሩቅ አገር ወደሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ለመሥዋዕት ግብዣ ሄዷል፤ ሌሎቹ አማልክት ኦዲሴየስ ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚወስኑት እርሱ በሌለበት በዚያች አጋጣሚ ነው። በሆሜር ዘንድ ስሙ የዛሬዋን አገራችንን ብቻ የሚያመለክት ባይሆንም፣ ፊልሙ ይህን መግቢያ ይተወው ወይም ይጠብቀው እንደሆነ ለማየት እጓጓለሁ። ይህን ደግሞ የትኛውም የማስታወቂያ ምስል ሊነግረኝ አይችልም።


ማኅሌት ዘመርካቶ፦

የሁለታችሁንም ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ሚዛኑ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል እሰጋለሁ። የሌጀርን ታሪክ እየጠቀሱ ማንኛውንም ቅሬታ ዝም ማሰኘት የተለመደ ሆኗል። ምስሉን ስቱዲዮው ያወጣው አስተያየት ፈልጎ ነው፤ አስተያየቱ ሙገሳ ሲሆን ተቀብሎ ትችት ሲሆን «ገና ነው፣ ጠብቁ» ማለት ፍትሐዊ አይደለም። የሲኒማ መግቢያ የሚከፍለው ተመልካቹ ነው፤ ገንዘቡንና ጊዜውን ከማውጣቱ በፊት ያለው መረጃ ደግሞ ይኸው ምስል ብቻ ነው።

ቀድሞ መናገር ፊልምን ያዳነበት ጊዜም አለ። ሶኒክ የተባለው ሰማያዊ ጃርት፣ የቪዲዮ ጌም ገጸ ባሕርይ፣ ወደ ፊልም ሲመጣ፣ በ2018 ዲሴምበር የወጡት ፖስተሮች ጥላውንና ረጃጅም እግሮቹን ብቻ አሳይተው ነበር፤ ገና ያኔ ብዙዎች አንድ ነገር እንዳልተስተካከለ ተናገሩ። ኤፕሪል 30 ቀን 2019 ቅንጭቡ (ትሬይለሩ) ሲለቀቅ ጥርጣሬው እውነት ሆነ፤ የሰው ጥርስ የመሰለ ጥርስ፣ የተራራቁ ትናንሽ ዓይኖች፣ የሰው ቅርጽ የያዘ ገላ። ዳይሬክተሩ ጄፍ ፋውለር ከሁለት ቀን በኋላ መልኩ እንደሚለወጥ አስታወቀ። ፊልሙ ከኖቬምበር 2019 ወደ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2020 ተዛወረ፤ ከዚህ ቀደም በሶኒክ ሥዕሎች ላይ የሠራው ታይሰን ሄስም አዲሱን መልክ እንዲመራ ተደረገ። ፊልሙ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ ተከታታይ ክፍሎች ወጡለት። ተመልካቹ «እስኪወጣ ልጠብቅ» ብሎ ቢሆን ኖሮ ያ ጥርስ ሲኒማ ቤት ይገባ ነበር።

በዚያው ዓመት በጁላይ የ«ካትስ» ቅንጭብ ሲወጣ ሰዎች በሰውና በድመት ቅይጥ ገላ ደነገጡ፤ በዲሴምበር ፊልሙ ሲወጣም ፍርዱ ያው ሆኖ ወጪውን ሳይመልስ ቀረ። እንዲያውም ለእይታ ከቀረበ በኋላ የተስተካከለ ቅጂ ወደ ሲኒማ ቤቶች እስከመላክ ተደርሷል። ያኔ ቀድመው የፈረዱት ሰዎች ዓይናቸው አልዋሻቸውም።

ይህን ስል የምስል ፍርድ ሁልጊዜ ይሠራል ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ዊል ስሚዝ በ«አላዲን» ጂኒን፣ ማለትም ከፋኖስ የሚወጣውን መንፈስ ሆኖ በመጽሔት ሽፋን ላይ ሲታይ ሰማያዊ ባለመሆኑ ተወቀሰ፤ በፌብሩዋሪ 2019 በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሰማያዊ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ይበልጥ ተሣቀበት፤ በሜይ ወር የወጣው ፊልም ግን ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። የጃሬድ ሌቶ ጆከር ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። በ2015 ኤፕሪል በወጣው ምስል ላይ ጥርሱ በብረት የተለበጠ፣ ግንባሩ ላይ «የተጎዳ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል የተነቀሰበት ሆኖ ሲታይ መሳቂያ ሆነ። በዓመቱ «ሱሳይድ ስኳድ» ወጥቶ ሐያስያን ክፉኛ ነቀፉት፤ ሆኖም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሸጠ፤ በ2017ም በሜካፕና በፀጉር ሥራ ኦስካር አገኘ። እንግዲህ በምስሉ የሳቁት ሰዎች ትክክል ነበሩ ወይስ አልነበሩም? በፊልሙ ጥራት ከሆነ ብዙዎች አዎ ይላሉ፤ በገቢው አይደሉም፤ የኦስካር መራጮች ደግሞ የዚያን ፊልም ሜካፕ የዓመቱ ምርጥ ብለውታል።

ልዩነቱን የማየው እንዲህ ነው። በሶኒክ ላይ የቀረበው ቅሬታ በምስሉ ላይ በዓይን የሚታየውን ነገር፣ ማለትም ጥርሱንና ዓይኑን የሚመለከት ስለነበረ ሊታረም ቻለ። በሌጀር ላይ የቀረበው ደግሞ ፎቶግራፍ ሊያሳየው የማይችለውን የትወና ችሎታ የሚመለከት ነበር። የጓደኛችሁ ትችት ከቁሩ ሳያልፍ ቢቆም ኖሮ ከፊተኛው ጋር እመድበው ነበር።


የአራዳው ተመልካች፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመምህሩን የ«ኢሊያድ» ማብራሪያ ለጓደኞቼ አንብቤላቸዋለሁ፤ ቁሩን ያነሣው ወዳጃችን የክራንቻውን ቁር ታሪክ ሲሰማ ተከራካሪነቱ ቀርቶ መጽሐፉን እንድንፈልግ ጠይቋል። በአቋሙ ግን እንደጸና ነው፤ የማኅሌትን ምሳሌ ይዞም «እንግዲያው ጩኸታችን ይጠቅማል» ይላል። እኔ ግን አንድ ነገር ያስጨንቀኛል። የሶኒክ ጥርስ በኮምፒውተር የተሣለ ነው፣ ይቀየራል። ፍርዱ በሰው ላይ፣ በተዋናዩ መልክና ቁመና ላይ ሲያርፍስ?


ዓለም ከሲልቨር ስፕሪንግ፦

ይህን ጥያቄ ስላነሡ ደስ ብሎኛል፤ ከሁሉም የሚያሳዝነው ይኸኛው ወገን ነውና። ተዋናዩ ዳንኤል ክሬግ የሰላዩን የጄምስ ቦንድን ሚና እንዲጫወት መመረጡ ኦክቶበር 14 ቀን 2005 ለንደን ውስጥ ሲታወጅ፣ በቴምዝ ወንዝ ላይ በፈጣን ጀልባ መጥቶ ለጋዜጠኞች ታየ። በሙሉ ልብሱ ላይ የመንሳፈፊያ ሰደርያ አጥልቆ ነበር። በጀልባ ለሚጓዝ ሰው ከዚህ የበለጠ ተገቢ ነገር የለም፤ ጋዜጦች ግን ፈሪነት አደረጉበት፤ የማይደፈረው ቦንድ እንዴት ሰደርያ ይለብሳል ተባለ። ፀጉሩ ወርቃማ መሆኑ፣ ቁመቱ ማጠሩ ሁሉ እንደ ወንጀል ተቆጠረበት፤ ፊልሙን አንመልከት የሚል ድረ ገጽ እስከመክፈት የደረሱ ነበሩ። በ2006 ኖቬምበር «ካሲኖ ሮያል» ሲወጣ ወደ 600 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገቢ አስገባ፤ ክሬግም እስከ 2021 በአምስት ፊልሞች ተጫወተ። ከእርሱ በፊት ማይክል ኪተን በአስቂኝ ፊልሞች ስለሚታወቅ ብቻ ባትማንን እንዳይጫወት ወደ ስቱዲዮው 50 ሺህ ያህል የተቃውሞ ደብዳቤ እንደተላከ ይነገራል፤ ያን ጊዜ ኢንተርኔት የለም፣ ሰው ቴምብር ገዝቶ ነው የተቃወመው። በ1989 የወጣው ፊልም ግን ያንን ሚና ከስሙ ጋር አጣበቀው።

ቅርብ ጊዜ ያየነውንም ልጨምር። ዳይሬክተሩ ጄምስ ገን ሜይ 6 ቀን 2024 አዲሱን ሱፐርማን ዴቪድ ኮረንስዌትን ያሳየበት ምስል ላይ ጀግናው ተቀምጦ ቀይ ቦት ጫማውን እያጠለቀ ነው፤ ልብሱ ተጨማዷል፣ ፊቱ ዝሏል፣ በመስኮቱ ማዶ ከተማው ላይ አንዳች ግዙፍ ነገር ያንዣብባል። በየቦታው የተጻፈው ስለ ልብሱ መጨማደድ ነበር። እኔ ፊልሙን በጁላይ 2025 ከልጆቼ ጋር ሳየው፣ ሱፐርማን ገና በመክፈቻው በመጀመሪያ ሽንፈቱ ተደብድቦ በረዶ ላይ ወድቆ አገኘነው። ያ የዛለ ሰው፣ ያ የተጨማደደ ልብስ፣ ፊልሙ ሊነግረን የፈለገው ነገር ነበር። ትንሿ ልጄ ሱፐርማን ደም ሲተፋ እጄን ጨምቃ ይዛ «ይነሣል አይደል?» ስትለኝ፣ ከዓመት በፊት ስለ ጨርቅ የተጻፈው ሁሉ ትርጉም አጣብኝ። ምስሉ አልዋሸም ነበር፤ ያነበብነው ሰዎች ግን ከሰውየው ፊት ይልቅ ስፌቱን ነበር ያየነው።

ስለዚህ ስለ ልብስና ስለ ቁር የፈለግነውን እንናገር፤ ተዋናዩን ግን በመልኩ፣ በቁመቱ ወይም በትውልዱ አስቀድሞ ማዋረድ ትችት ሊባል አይገባውም። ያ ሰው ይህን ሁሉ እያነበበ ነው በማግስቱ ካሜራ ፊት የሚቆመው።


የአራዳው ተመልካች፦

ወይዘሮ ዓለም፣ የተናገሩትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ባለ ሌንሱን አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅ፤ ስቱዲዮው ካወጣው ምስል ሌላ፣ ሰዎች ከቀረጻ ቦታ በርቀት ያነሡት ፎቶግራፍም በየገጹ ይዞራል። ጓደኞቼ «ይህ ያልተቀባባ ስለሆነ የበለጠ እውነተኛ ነው» ይላሉ። እውነት ነውን?


ባለ ሌንሱ፦

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል፤ እኔ ግን ከሁሉ ያነሰ የምተማመነው በእንዲህ ዓይነቱ ፎቶግራፍ ነው። ከሩቅ የሚነሣው በረጅም ሌንስ ስለሆነ በፊትና በኋላ ያለውን ርቀት አጣብቆ፣ ቦታውን ጠባብ፣ ሰዎቹንም የተፋፈጉ አድርጎ ያሳያል። ለትዕይንቱ የተዘጋጀው መብራት የተስተካከለው ለፊልም ካሜራው እንጂ ከአጥር ማዶ ለቆመ ሰው አይደለም፤ በሌላ አቅጣጫ ሲታይ ልብሱ ርካሽ፣ ቁሩም ፕላስቲክ ይመስላል። በኋላ በኮምፒውተር የሚጠፋው ገመድና አረንጓዴ መጋረጃ ሳይቀር ይታያል። ብዙ ጊዜም የሚነሣው በቀረጻ መካከል ባለው ዕረፍት ስለሆነ፣ ተዋናዩ ብርድ እንዳይመታው የተደረበለት ካፖርት ወይም ለመውደቂያ ከልብሱ ሥር የተጠቀጠቀ ትራስ የልብሱ ክፍል መስሎ ይወጣል።

ሌላም ጣጣ አለ። ለአደገኛ ትዕይንት ተዋናዩን ተክቶ የሚሠራ ሰው ያንኑ ልብስ ለብሶ፣ ያንኑ ፀጉር አድርጎ ይቆማል፤ መብራትና ካሜራ ሲስተካከልም በተዋናዩ ቦታ የሚቆምለት ሌላ ሰው አለ። ጓደኞችዎ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲህ ያለ ፎቶግራፍ ሲልኩልዎ በመጀመሪያ ፊቱን አስፍተው ይመልከቱት። እኔ በሠራሁባቸው ቦታዎች ከአጥር ውጭ የቆሙ ሰዎች «እገሌን አነሣነው» ብለው ያሰራጩት ፎቶግራፍ ተተኪውን ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።